ወገብ ላይ መጨረስ ውድቀት አይደለም

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ባለቀ ቁጥር የምንሰማው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። ዋንጫ ያነሳው ቡድን ታሪክ ሠራ ይባላል፤ ለወረደው ከንፈር ይመጠጥለታል፤ በደረጃ ሰንጠረዡ ወገብ ላይ የጨረሰው ግን ዓመቱን በከንቱ እንዳባከነ ይቆጠራል። ደጋፊው «አሰልጣኙ ይነሳ» ይላል። ቦርዱም «በስምምነት ተለያይተናል» ብሎ ይሸኘዋል። ክረምት ሲገባ ክለቡ ግማሽ ቡድኑን አሰናብቶ ከየአቅጣጫው ተጫዋች ያስፈርማል፤ መስከረም ላይ አዲሱ አሰልጣኝ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ «ዓላማችን ዋንጫ ነው» ይላል። ሰኔ ሲደርስ ያው ፍርድ ይመለሳል፤ እሱም በተራው ይሸኛል።

ይህ «ዋንጫ ወይም ምንም» የሚል አስተሳሰብ የደጋፊ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ። ነገር ግን ክለቦቻችን የሚተዳደሩበት ሕግ ሆኗል። በጀት የሚያዘው፣ ውል የሚፈረመው፣ የታዳጊ ቡድን የሚታጠፈው በእሱ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ወገብ ላይ የተጠናቀቀ የውድድር ዓመት በራሱ ውድቀት አይደለም። እግር ኳሳችንን ተሸክሞ ያቆየው፣ ተጫዋች ያፈራው፣ በትልቁ መድረክም ጎል ያስቆጠረልን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የናቅነው መሃል ነው። ክለቦቻችንን ያፈረሰው መሃል ላይ የመጨረስ ፍርሃት ነው።

ይህን የምጽፈው ከዋልዳ ነው፤ ከሞያሌ ወዲህ፣ ከድንበሩ የኬንያ ወገን። ብዙ ኢትዮጵያዊ ዋልዳን የሚያውቃት በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ተሰድደው የመጡ ወገኖቻችን በሰፈሩባት ካምፕ ነው። ካምፑ ተዘግቶ ስደተኞቹ ወደ ካኩማ ከተዛወሩ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ዛሬ በዚህ አካባቢ አማርኛ የሚሰማው በአብዛኛው ከሹፌሮችና ከነጋዴዎች አፍ ነው። ከሞያሌ ተነስቶ በያቤሎ፣ በቡሌ ሆራና በዲላ አድርጎ ሀዋሳ የሚገባው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከጭነቱ ጋር የኳስ ወሬም ይዞ ይመጣል። ስለዚህም እዚህ ስለ አገር ቤት ሊግ ሲወራ ከአዲስ አበባዎቹ ክለቦች እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ የሚነሳው ሀዋሳ ከተማ ነው።

በቅርቡ ሻይና ቻፓቲ በሚሸጥበት አንድ ቤት በረንዳ ላይ ከአንድ የሀዋሳ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን ነበር፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ፣ የክለቡን ስካርፍ ከጋቢናው መስታወት ላይ አንጠልጥሎታል። ስለ ቡድኑ ስጠይቀው ቻፓቲውን ቆርሶ ሻዩ ውስጥ እያጠቀሰ፣ «ወንድሜ፣ ዘንድሮም እንደ አምናው ነው። አልወረድንም፣ ዋንጫም አልበላንም። እንዲህ ያለ ዓመት ምን ይረባል?» አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ጓደኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማንም አልተቃወመውም። ቅሬታው ከልብ ነበር፤ መልስ የሚገባውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ሊጉ ለዓመታት እንደነበረው 16 ክለቦች ሲወዳደሩ እያንዳንዱ ቡድን 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ በጠቅላላው 240 ጨዋታ ይካሄዳል። ከእነዚህ ውስጥ ሻምፒዮኑ ሜዳ የሚገባባቸው 30ዎቹ ብቻ ናቸው። 210ሩ የሚደረጉት ሻምፒዮኑ በሌለበት ነው። አንዱ ዋንጫ ሲያነሳና ሦስቱ ሲወርዱ 12 ክለቦች ይቀራሉ፤ ሊጉ የሚባለው ነገር በአብዛኛው እነዚህ 12ቱ ናቸው። ዋንጫ ያላነሳ ሁሉ ከሽፏል ካልን ከ16ቱ 15ቱ በየዓመቱ ይከሽፋሉ ማለት ነው። ከ16 ተማሪ 15ቱን የሚጥል ፈተና ሲገጥመን ተማሪዎቹን ከመውቀሳችን በፊት ፈተናውን እንመረምራለን።

10 አሸንፎ፣ 10 አቻ ወጥቶ፣ 10 የተሸነፈ ቡድን 40 ነጥብ ይዞ ወገብ ላይ ይጨርሳል። ይህ ቁጥር ተራ ይመስላል። ነገር ግን ያ ቡድን 10 ሳምንት ደጋፊውን አስደስቷል፤ 20 ጊዜ ያልተሸነፈ ሆኖ ከሜዳ ወጥቷል፤ ለዋንጫ ከሚፎካከሩትም ነጥብ የነጠቀው እሱ ነው። የዋንጫውን አቅጣጫ የሚወስኑት ትልልቆቹ እርስ በርስ የሚያደርጉት ጥቂት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሻምፒዮን ሊሆን የነበረ ቡድን ከመሃል ክለብ ጋር አቻ ወጥቶ ሁለት ነጥብ የጣለበት ቀንም ነው። መሃሉ ጠንካራ ያልሆነ ሊግ ዋንጫውም ርካሽ ይሆናል፤ ደካሞችን ተራ በተራ ያሸነፈ ሻምፒዮን ወደ አፍሪካ መድረክ ሲወጣ በመጀመሪያው ዙር ይመለሳል።

አሁን ደግሞ «ዋንጫ ወይም ምንም» የሚለው መንገድ የት እንዳደረሰን እንቁጠር። ፕሪሚየር ሊጉ በአሁኑ ስያሜው በ1990 ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው መብራት ኃይል ነው፤ በ1993 ደገመው። ያ የሊጉ የመጀመሪያ ሻምፒዮን በ2010 ወረደ። በዚያው በ2010 ከታች ሊግ ገና የመጣው ጅማ አባ ጅፋር በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን አነሳ። አገር ጉድ አለ። ዋንጫውን ያስገኘው አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በዚያው ክረምት ወደ መቀለ 70 እንደርታ ሄደ፤ በ2011 እዚያም ሻምፒዮን ሆነ። ጅማ ግን የድሉ ማግስት አልተዘጋጀለትም ነበር። በ2014 ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት ብቻ ፈጀበት።

ደደቢትም እንዲሁ ነው። በ2005 የአገሪቱን ምርጥ ተጫዋቾች ሰብስቦ ሻምፒዮን ሆነ፤ ለብሔራዊ ቡድኑም ብዙ ልጆች አቀበለ። በ2011 ወረደ። እነዚህ ሦስት ክለቦች በመካከላቸው አራት ዋንጫ አላቸው። ሦስቱም ወርደዋል። ዋንጫ የጤንነት ምስክር ከሆነ እነዚህ ሻምፒዮኖች በምን ታመሙ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ለአንድ ዓመት ድል የተሰበሰበ ቡድን በሁለተኛው ዓመት ይበተናል፤ ለቀጣዩ ትውልድ የሚሆን ነገር ከሥሩ አልተዘረጋማ።

እዚህ ላይ ተቃራኒ ወገን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ያነሳብኛል። የወንዶች ቡድኑ ከሊጉ ወጥቶ ከቆየ በኋላ በተመለሰበት ዓመት፣ በ2016፣ ዋንጫ አንስቷል፤ ታዲያ ወዲያው ማሸነፍ ይቻላል ይሉኛል። ይቻላል። ነገር ግን ከጀርባው የአገሪቱ ትልቁ ባንክ አለ። ይህን መንገድ ለዲላም፣ ለአርባ ምንጭም፣ ለሆሳዕናም እንደ አርአያ ማቅረብ የሌለ ካዝና እንዲመዘብሩ መምከር ነው። ይልቅ የ2017ቱን ሻምፒዮን የኢትዮጵያ መድንን እንይ። መድን ወደ ሊጉ የተመለሰው በ2015 ነው። ያሰለጠነው ያው ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ አላነሳም፤ በሁለተኛውም አላነሳም። በ«ዋንጫ ወይም ምንም» ሕግ ቢሄድ ኖሮ አሰልጣኙ ሁለት ጊዜ መባረር ነበረበት። ክለቡ ያዘው፤ በሦስተኛው ዓመት ዋንጫው መጣ። ጅማ ላይ በአንድ ዓመት የጠፋው ነገር መድን ላይ በሦስት ዓመት ተገነባ። አሰልጣኙ አንድ ሰው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ትዕግሥት ነው።

ወደ ሀዋሳ ልመለስ። ሐይቆቹ በ1996 ዋንጫውን ሲያነሱ በአዲሱ ሊግ ከአዲስ አበባ ውጭ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ክለብ ሆኑ። እስከዚያ ድረስ ዋንጫው በመብራት ኃይልና በቅዱስ ጊዮርጊስ መካከል ብቻ ይመላለስ ነበር። በ1997 እና በ1998 ጊዮርጊስ መልሶ ወሰደው። ሀዋሳ አልፈረሰም፤ በ1999 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከ15 ዓመት በላይ አንድም የሊግ ዋንጫ ሳያነሳ፣ ከሊጉም ሳይወርድ ኖረ። አንዳንዱ ዓመት ከፍ፣ አንዳንዱ ዝቅ ብሎ፣ አንዳንዴም ላለመውረድ ተጨንቆ አለፈ። መብራት ኃይል ሲወርድ፣ ደደቢት ሲወርድ፣ ጅማ ሲወርድ ሀዋሳ እዚያው ነበር። ወጣቱ ሹፌር «ምን ይረባል?» ያለው ይህን ነው። ለሀዋሳ ልጅ በየዓመቱ በትልቁ ሊግ የሚጫወት የከተማው ቡድን እንዲኖረው አድርጓል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ክለቡ ለአገር ያበረከተውንም እንቁጠር። ሽመልስ በቀለ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከመሄዱ፣ ከዚያም በግብፅ ሊግ ለዓመታት ከመጫወቱ በፊት የሀዋሳ ተጫዋች ነበር። አዳነ ግርማም ከሀዋሳ ነው ወደ ጊዮርጊስ የተዛወረው። ጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ በወቅቱ የዋንጫው ባለቤት የነበረችውን ዛምቢያን 1 ለ 1 ያስያዘችን የአዳነ ጎል ናት። በዚያ ውድድር ያስቆጠርነው ጎልም እሷ ብቻ ናት። ያን ዕለት የጊዮርጊስ ተጫዋች እንደነበረ እውነት ነው። ሆኖም ጊዮርጊስ የተቀበለው ሀዋሳ ያበሰለውን ተጫዋች ነው።

ቀጥሎ የተሳተፍነው ጥር 2014 ካሜሩን ላይ ነበር። ሁለት ጎል አስቆጠርን። በአዘጋጇ ካሜሩን ላይ በ4ኛው ደቂቃ ያገባው ዳዋ ሆቴሳ ነው፤ ክለቡ አዳማ ከተማ። በቡርኪና ፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ 1 ለ 1 ያለያየን ጌታነህ ከበደ ነው፤ ክለቡ ያኔ ወልቂጤ ከተማ። አዳማና ወልቂጤ በዚያ ዓመት ለዋንጫ የሚታሰቡ ክለቦች አልነበሩም። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በአርባ ዓመት ውስጥ በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድር ያስቆጠርናቸው ጎሎች በጠቅላላ ሦስት ናቸው። አንዱን ያስቆጠረው ከሀዋሳ የተገኘ ተጫዋች ነው፤ ሁለቱን ያስቆጠሩት በወገብና ከወገብ በታች ይታገሉ በነበሩ ክለቦች መለያ የሚጫወቱ ናቸው። መሃሉ ምንም አይረባም የሚል ሰው እነዚህን ጎሎች ከየት አመጣቸው?

ጎረቤት አገርም ትምህርት አለ። እዚህ የዋልዳ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ ማታ የእንግሊዝን ኳስ ሊያዩ ይሰበሰባሉ፤ ስለ ኬንያ ሊግ ሲነሳ ግን ጎር ማሂያን የማያውቅ የለም። ጎር ማሂያ እ.ኤ.አ. በ1987 የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ያነሳ ትልቅ ክለብ ነው። ያ ትልቅ ክለብ ከ1995 እስከ 2013 የአገሩን ሊግ ዋንጫ ሳያገኝ 18 ዓመት ኖረ። ደጋፊው ተናደደ፣ አለቀሰ፣ ግን ክለቡን አልተወውም። በ2013 ዋንጫው ሲመለስ ተከታትሎ መጣ፤ በ2014ም በ2015ም ደገመው። ተፎካካሪው ኤኤፍሲ ሌፐርድስ ደግሞ ሊጉን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እስካሁን ስሙ ሲጠራ ናይሮቢ ላይ ስታዲየም ይሞላል። አንድ ክለብ ያለ ዋንጫ ሲኖር ደጋፊው የሚይዘው ነገር ካለ ክለቡ አይሞትም።

እንግሊዝ የእኛ ወጣት ሁሉ የሚያየው ሊግ ነውና ሌስተርን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለምን ያስደነቀ ዋንጫ አነሳ። አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ የካቲት 2017 ላይ፣ ዋንጫውን ያመጣውን ክላውዲዮ ራኒየሪን አባረረ፤ ዓመቱን በ12ኛ ደረጃ ጨረሰ። በ2023 ወረደ። በሌላ በኩል የስፔኑ አትሌቲክ ቢልባኦ ከባስክ ምድር የተገኘ ተጫዋች ብቻ ያሰልፋል፤ ይህን ደንብ ጠብቆ ከስፔን ዋና ሊግ አንድም ጊዜ ሳይወርድ ኖሯል። ብዙዎቹ ዓመታቱ የመሃል ዓመታት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የንጉሡን ዋንጫ ከ40 ዓመት በኋላ ሲያነሳ ከተማው ወንዙ ዳር ወጥቶ ተቀበለው። ሌስተር በአንድ ዓመት ያገኘውን ክብር ማንም አይነፍገውም። የአገራችን ክለቦች ግን በአቅማቸው ሊከተሉት የሚችሉት የቢልባኦን መንገድ ነው፤ የሰፈሩን ልጅ ማሳደግ ገንዘብ ከመበተን ይልቅ ጊዜ ይጠይቃልና።

ከእግር ኳስ ውጭም ብንሄድ ያው ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ወቅት 162 ጨዋታ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የሲያትሉ ማሪነርስ 116 ጨዋታ አሸንፎ ትልቁን ሪከርድ ተጋራ፤ ሆኖም ለፍጻሜው ውድድር እንኳ አልደረሰም። በ2006 የሴንት ሉዊሱ ካርዲናልስ 83 አሸንፎ 78 ተሸነፈ፤ ማለትም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ተራ የመሃል ዓመት አሳለፈ። በጥሎ ማለፉ ጠንክሮ ሻምፒዮን ሆነ። የእነሱ አሠራር በጥሎ ማለፍ ስለሚጠናቀቅ ከእኛ ሊግ ይለያል። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፦ መሃል ላይ ሳይፈርስ የቆየ ቡድን ለዕድሉ ቅርብ ነው፤ በመሃል ዓመቱ ተበሳጭቶ ራሱን የበተነ ቡድን ግን ዕድሉ ሲመጣ ቤት የለም።

ከሁሉ የሚከብደኝን ተቃውሞ አልሸሽም። «ክለቦቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ስምንተኛ ለሚወጣ ቡድን ይህን ያህል ብር ለምን ይከፈላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ተሳስቷል። የሕዝብ ገንዘብ ብክነት ስምንተኛ በመውጣት አይለካም፤ ሻምፒዮኑም የሚያወጣው የሕዝብ ብር ነው፤ ብዙ ጊዜም ከስምንተኛው ይበልጣል። ብሩን ያናረውም ይኸው የዋንጫ ጥድፊያ ነው። በ2011 ክረምት ክለቦች ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ እስከ መወሰን የደረሱት ለምንድን ነው? ሁሉም በአንድ ዓመት ዋንጫ ለማንሳት ያንኑ ጥቂት ተጫዋች ሲሻሙ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ነው። ወገብ ላይ መጨረስ ነውር ባይሆን ኖሮ ሦስት አራቱ ክለቦች ብቻ በተሻሙ፣ የቀሩት በአቅማቸው በኖሩ ነበር። ስለ ሕዝብ ገንዘብ የሚቆረቆር ሰው ቀድሞ መቃወም ያለበት «ዓላማችን ዋንጫ ነው» የሚለውን የመስከረም መግለጫ ነው።

ችግሩ ሥር የሰደደው የክለብ አመራሩ ዕድሜ አጭር በመሆኑ ነው። ከንቲባ ሲቀየር የክለቡ ቦርድ ይቀየራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ በሁለት ዓመት የሚነሳ ሹም በስድስት ዓመት በሚደርስ ታዳጊ ላይ ብር አያወጣም፤ በእሱ ዘመን ፎቶ የሚነሳበት ዋንጫ ይፈልጋል። ደጋፊው «ዋንጫ ወይም ምንም» ሲል ለዚህ ሹም ሰበብ ይሰጠዋል። የቦረና ሽማግሌዎች የዓመቱን ጤና የሚገምቱት በተሸጠው ሰንጋ ብዛት አይደለም፤ በረቱ ውስጥ ስንት ጊደር እንደቀረ ያያሉ። ድርቅ ደጋግሞ የመታው አገር ይህን በመከራ ያውቀዋል። የእግር ኳስ ክለብም የሚጠየቀው ስንት ጊደር በረቱ ውስጥ እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መሃልን ካሞገስን ስንፍናን እናበረታታለን» የሚል ነው። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት መሃል አለ። አንደኛው የ30 ዓመት ተጫዋቾችን በአንድ ዓመት ውል ሰብስቦ፣ አሰልጣኝ በየስድስት ወሩ እየቀያየረ፣ ደሞዝ ለወራት ሳይከፍል፣ በዕድል ስምንተኛ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው ሦስት አራት የራሱን ታዳጊ አሰልፎ፣ ደሞዝ በወሩ ከፍሎ፣ በ2ኛው ዙር ከ1ኛው ዙር የተሻለ ተጫውቶ ስምንተኛ የሚወጣ ነው። ሰንጠረዡ ሁለቱን አንድ ቦታ ያስቀምጣቸዋል። የመጀመሪያውን አልከላከልለትም። ሊወቀስ ይገባል፤ ሻምፒዮን ቢሆንም እንኳ ሊወቀስ ይገባል። የእኔ ክርክር ዋንጫን ብቻ የሚያይ ዓይን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለማያይ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ይገድላል የሚል ነው።

ዓመቱ የተካሄደበትን ሁኔታም አንርሳ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች ከሜዳቸውና ከደጋፊያቸው ርቀው፣ ሆቴል ለሆቴል እየተንከራተቱ ይጫወታሉ። ፋሲል ከነማን ውሰዱ። በ2013 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2014 ሁለተኛ ወጣ፤ በ2015 ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውጭ ሆነ። ጎንደር ላይ ቁጣው ከፍ አለ፤ አሰልጣኝ ተቀያየረ። ያ ቡድን የሚጫወተው የፋሲለደስ ስታዲየም ጩኸት በሌለበት ነው፤ ከዚያም በክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የተጫዋቾቹ ቤተሰብ ያለበት ከተማ መንገዱ ይዘጋ ጀመር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊጉ ውስጥ ጸንቶ መቆየትን «ከሽፏል» ማለት ፍትሕ አይደለም። የ2011ዱ ሻምፒዮን መቀለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ከሊጉ ጠፍተው በ2017 ተመልሰዋል። የነዚያ ክለቦች ደጋፊዎች በጠፉት ዓመታት የተራ 9ኛ ደረጃን ዋጋ ከሁላችንም በላይ ያውቁታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጫወት ቡድን ስላልነበራቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከደጋፊው ልብ የሚወጣ ነው፦ «እኛስ መቼ ነው የምንደሰተው?» ይህን አላጣጥልም። ዋንጫ መመኘት የደጋፊ መብት ነው፤ እኔም እመኛለሁ። ነገር ግን ደስታን በሙሉ ለሰኔ የመጨረሻ ቀን ያስቀመጠ ሰው 29 ሳምንት ያለ ደስታ ይኖራል፤ በመጨረሻም ከ16ቱ የአንዱ ብቻ ደጋፊ ይደሰታል። የ18 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ተሰልፎ በጊዮርጊስ ተከላካዮች መካከል ኳስ ይዞ ሲያልፍ፣ በረኛው በጭማሪ ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያድን፣ ሲመራ የነበረውን ኢትዮጵያ ቡናን በሁለተኛው አጋማሽ አቻ ሲያደርጉ፤ ኳስ ማለት ይህ ነው። እነዚህን ለማየት ዋንጫ አያስፈልግም። ዓይን ያስፈልጋል፤ ለዚያ ልጅም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ክለብ የሚያቆየው ውል ያስፈልገዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኔ ቡድናችን ወገብ ላይ ሲጨርስ ቦርዱን «ለምን ዋንጫ አላመጣችሁም?» ብለን አንጀምር። ስንት ልጅ ከታዳጊ ቡድኑ ወደ ዋናው አደገ፣ ስንት ደቂቃስ ተጫወተ? ደሞዝ በየወሩ ተከፍሏል? አሰልጣኙ የስንት ዓመት ውል አለው፣ ከአምናው ቡድን ስንቱ ዘንድሮም አለ? ያወጣችሁት ብር የት ገባ? እነዚህን እንጠይቅ። መልሱ መጥፎ ከሆነ ያኔ ቦርዱን እንጋፈጥ፤ ሻምፒዮንም ብንሆን እንጋፈጥ። መልሱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ 8ኛ ብንሆንም አሰልጣኙን እንያዘው፣ ልጆቹን እናቆያቸው፣ ሜዳ ገብተን እናጨብጭብላቸው። ለሹፌሩ ወዳጄም የምለው ይህንኑ ነው፦ ወንድሜ፣ ቡድንህ ዋንጫ ካነሱት ከብዙዎቹ በላይ ኖሯል። ዘንድሮ ካደጉት ልጆች የአንዱን ስም ያዝ፤ ከርሞ እንዳይሸጡት የምትጮኸው አንተ ነህ።